የገዳሪፍ አራሚና አስተዋዩ መሣሪያ

በመምህራን ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር



ሰው በወዙ ጥሮ ግሮ ከመኖሩ ጋራ፣ ድካሙን የሚያቀልለት መሣሪያ ሲፈልግ የኖረ ፍጡር ነው። ማረሻን ያበጀው፣ ወፍጮን ያቆመው፣ መኪናን የፈለሰፈው ይኸው ፍላጎቱ ነው። ይሁን እንጂ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቍጥር ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው «እንግዲህ ድካም ቀረ» የሚል የደስታ ድምፅ ሲሆን፣ ሁለተኛው «እንግዲህ እንጀራዬ ቀረ» የሚል የሥጋት ድምፅ ነው። በዛሬው ዘመን ሁለቱም ድምፆች የሚሰሙት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለ ተባለው መሣሪያ ነው፤ ይኸውም እጅግ ብዙ ጽሑፍ፣ ሥዕልና ድምፅ ተመግቦ፣ ከዚያም በመማር እንደ ሰው የሚያነብ፣ የሚጽፍ፣ የሚተረጕም፣ ያየውንም ነገር ለይቶ የሚያውቅ የኮምፒዩተር ሥርዐት ነው።

ስለዚህ መሣሪያ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ከታላላቅ ከተሞች ነው። ነገር ግን መሣሪያ የሰውን ሥራ ሲወስድ፣ ሲያበዛና ሲለውጥ ምን እንደሚሆን ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው፣ ከኢትዮጵያ ድንበር ማዶ የሚገኘው የገዳሪፍ ሜዳ የሰማንያ ዓመት ትምህርት ቤት ነው። ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ገላባትንና ዶካን አልፎ ወደ ገዳሪፍ ለሚጓዝ መንገደኛ በግራም በቀኝም የሚታየው፣ ዐይን እስኪደክም ድረስ የተዘረጋ ጥቍር የዋልካ ሜዳ ነው። በክረምት ጭቃው ጎማ ይይዛል፤ በበጋ መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት ይህ አገር ከሱዳን ዋና ዋና ጎተራዎች አንዱ ነው።

በዚህ ሜዳ ላይ የትራክተር እርሻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። ሱዳንን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ሠራዊት ቀለብ የሚሆን ማሽላ ስለ ፈለገ፣ ከገዳሪፍ አጠገብ በቀደምባሊያ ሜዳ እርሻን በመኪና አስጀመረ። ቈይቶም መሬቱ ለግል ባለሀብቶች በሰፋፊው እየተከፈለ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ለዚሁ ሥራ የሚሆን የመንግሥት ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ በዓለም ባንክ ብድር እየተረዳም እያንዳንዱ 1,000 ፈዳን፣ ማለት 420 ሄክታር የሚያህል ይዞታ አከፋፈለ።

ትራክተሩ ሰፊውን ዲስክ እየጎተተ ያርሳል፤ በዚያው ጕዞም ይዘራል። ብዙ ጥማድ በሬና ብዙ ገበሬ ሳምንታት የሚደክሙበትን መሬት አንድ ነጂ በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። በዚያን ጊዜ ስለ ነገሩ የሚያስብ ሰው «እንግዲህ በዚህ አገር የሰው ጕልበት አያስፈልግም» ቢል የሚፈረድበት አልነበረም። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ትራክተሩ ያረሰውን ሁሉ የሚያርም፣ የዘራውንም ሁሉ የሚያጭድ መኪና አልነበረምና፣ እርሻው በሰፋ መጠን አራሚና አጫጅ ፍለጋው በዛ። መሣሪያው የሰኔን ሥራ ወስዶ የነሐሴንና የጥቅምትን ሥራ አበዛው። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት፣ መሣሪያ ሙያን ከነሙሉ አካሉ አንሥቶ እንደማይወስድና ከሙያው ውስጥ አንዳንዱን ተግባር መርጦ እንደሚወስድ ነው። የሠራተኛው ዕድል የሚወሰነው በተረፈው ተግባር ነው።

የተረፈውን ተግባር ከተሸከሙት መካከል ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ሠራተኛ አንዱ ነው። የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎና የትግራይ ወጣት፣ ገሚሱ የራሱን ማሳ ዘርቶ፣ ገሚሱም መሬት ዐጥቶ፣ ማጭዱን ይዞ ወደ ሁመራ፣ ወደ አብደራፊና ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል። የማዶው ክፍያ የተሻለ በመሰለው ጊዜም ድንበሩን ተሻግሮ ገዳሪፍ ይገባል። ከዚህም ጋራ ስደተኛው በየጊዜው የእርሻው ሠራተኛ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1969 በቀላ ኤን ነሀል የተመሠረተው መንደር የኤርትራን ስደተኞች አስፍሯል። ኡም ራኩባ የተባለው መጠለያ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከኢትዮጵያ የተሰደዱትን ተቀብሎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲነሣም እንደ ገና ተከፈተ። ስለዚህ በገዳሪፍ የሥራ ገበያ ማለት በወጉ የተመዘገበ ቀጣሪና ተቀጣሪ የሚገናኙበት ቦታ አይደለም፤ ዝናም፣ ድርቅ፣ ጦርነትና ወሬ የሚያንቀሳቅሱት የሰው ጎርፍ ነው።

አራሚው የሚሸጠው ጕልበት ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ሥራውን ቀርቦ አላየውም። ሰሊጥ በቡቃያነቱ ዝግ ብሎ የሚያድግ፣ አረምም ቶሎ የሚያሸንፈው ተክል ነው። አራሚው ቀኑን ሙሉ ጐንብሶ፣ ጣት የማታህለውን ቡቃያ ከምትመስላት አረም ለይቶ፣ አንዷን ነቅሎ ሁለተኛዋን ያተርፋል። ይህ የዐይን ዕውቀት ነው። አጨዳውም እንደዚሁ ነው። የሰሊጥ ፍሬ የተሸከመው ቅርፊት ሲደርቅ አፉን ከፍቶ ያፈስሳልና፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በጊዜው ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ሂላ በተባለው ክምር ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል፤ ሲደርቅም በጥንቃቄ ተገልብጦ ይራገፋል። ጥቂት ቀን የዘገየ ባለ እርሻ የዓመቱን ምርት ለመሬት ይመግባል። ይህ ደግሞ የእጅ ዕውቀት ነው።

ለዚህ ዕውቀት የሚከፈለው ዋጋ ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። በተሰነጠቀው ዋልካ ውስጥና በግራሩ ጥላ የምትራባው የአሸዋ ዝንብ በሜዳ የሚያድረውን ሠራተኛ ነክሳ ካላዛር የተባለውን በሽታ ታስይዘዋለች። ከደጋ የወረደው ሰው ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውምና ይበልጡን ይጠቃል፤ ካልታከመም ይሞታል። በገዳሪፍም፣ በመተማና በሁመራም ይህ በሽታ የሠራተኛ በሽታ መሆኑ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው።

ከጊዜ በኋላ ሁለተኛው መሣሪያ መጣ። ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም መድኃኒት ሰፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ገድሎ ማሽላን የመሰሉትን የሣር ወገኖች ይምራል። ስለዚህ መድኃኒቱ በተረጨበት የማሽላ እርሻ የአራሚው ቀን አጠረ፤ ኮምባይነር በገባበትም የአጫጁ ቀን አጠረ። በሰሊጥ እርሻ ግን ይህ አልሆነም። ሰሊጥ ራሱ ሰፊ ቅጠል ስላለው አረሙን የሚገድለው መድኃኒት እርሱንም ይገድለዋል፤ ቅርፊቱም ስለሚከፈት ኮምባይነር ሲነካው ፍሬውን ያፈስሰዋል። እንግዲህ የኢትዮጵያዊውን አራሚ እንጀራ እስከ ዛሬ ድረስ የጠበቀለት ሕግም፣ ማኅበርም፣ ውልም አልነበረም። የጠበቀለት የመሣሪያው ዕውርነትና የእጁ ሻካራነት ነው።

በሌላው ድካም የተገኘ ጥበቃ ግን ሌላው የበረታ ዕለት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1943 ላንግሃም የተባለ ተመራማሪ በቬኔዝዌላ ቅርፊቱ የማይከፈት የሰሊጥ ዐይነት አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ በተደረገው ምርምር በአሜሪካ፣ በቴክሳስ፣ ፍሬውን የማያፈስስ ሰሊጥ በኮምባይነር ይታጨዳል። የእጁ ሻካራነት በዚህ ተቃለለ። ዕውርነቱን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እያቃለለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ጆን ዲር የተባለው ኩባንያ በካሜራ እያየ፣ ሰብሉን ከአረሙ እየለየ፣ መድኃኒቱን በአረሙ ላይ ብቻ የሚረጭ መኪና ለገበያ አቅርቧል። ይህ መኪና የሚሠራው በአሜሪካ የበቆሎ፣ የአኩሪ አተርና የጥጥ እርሻ ነው፤ ዋጋውም ከገዳሪፍ ተራ ባለ እርሻ ዐቅም በላይ ነው። ይሁን እንጂ ትራክተርም በ1944 ለዚያ ሜዳ እንግዳ ነበር። ልብ መባል ያለበት ነገር፣ አዲሱ መሣሪያ የወሰደው ተግባር በትክክል ያ የተረፈው ተግባር መሆኑ ነው፤ ማለት የአራሚው ዐይን።

መኪና የሚገዛው ደግሞ ስለ ረከሰ ብቻ አይደለም፤ ሰው የጠፋ ዕለትም ይገዛል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት የሕዝቡን ጕዞ ገለበጠው። ከካርቱምና ከጀዚራ የተፈናቀለው ብዙ ሕዝብ ገዳሪፍን መጠጊያ አደረገ፤ ሌላውም በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገረ። አራሚ ይሄድበት በነበረው መንገድ ስደተኛ መጣበት፤ በምዕራብ ጎንደርም በኩመርና በአውላላ መጠለያ ተሠራ። በኢትዮጵያ በኩል ያለው አለመረጋጋትና በፋሻጋ ምድር ያለው የወሰን ክርክር ተጨምሮበት፣ በዝናም ወራት ስንት ሠራተኛ እንደሚደርስ አስቀድሞ ለማወቅ ለባለ እርሻው አስቸጋሪ ሆነ። አረም ደግሞ ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም። ገንዘብ ያለው ባለ እርሻ እንዲህ ባለው ጊዜ ፊቱን ወደ መሣሪያ ያዞራል፤ አንድ ጊዜ መሣሪያ ከገዛ በኋላም ሰላም ቢመለስ ሠራተኛው ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል ለማለት አይቻልም።

ነገሩ በእርሻ ብቻ ቢቆም በተሻለ ነበር። የአራሚው አባት ተስፋ ልጁ ነው፤ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልከውም «እኔ የጐነበስሁት ይበቃል፤ አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሥራ» ብሎ ነው። አሁን የመጣው መሣሪያ ግን ወደ ወንበሩም ደርሷል። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በጃንዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በዓለም ካለው ሥራ ወደ 40 ከመቶ የሚጠጋው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚነካው መሆኑን ገልጿል፤ በበለጸጉት አገሮች ወደ 60 ከመቶ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑት አገሮች 26 ከመቶ መሆኑንም ለይቶ አሳይቷል። የዓለም የሥራ ድርጅት ጥናቶች ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚነካው የጽሕፈት ቤት ሥራ፣ ማለት የጸሓፊው፣ የመዝጋቢውና የሒሳብ ያዡ ተግባር መሆኑን ያስረዳሉ። መነካት ማለት ግን መጥፋት ማለት አይደለም፤ ትራክተሩ ገበሬውን ነካው እንጂ እርሻን አላጠፋውም። ነገር ግን የአራሚው ቤተ ሰብ መሰላል ታችኛው ርብራብ በካሜራው መኪና፣ ላይኛው ርብራብ በጸሓፊው መሣሪያ በአንድ ዘመን መነቃነቁ ለመምህር ቀላል ነገር አይደለም።

26 ከመቶ ከ60 ከመቶ ያነሰ ነው ብሎ መጽናናትም አይገባም። አነስተኛ ጕዳት ማለት ለድኻ አገር አነስተኛ ጥቅምም ማለት ሊሆን ይችላል፤ መብራት፣ ስልክና ትምህርት በሌለበት ቦታ መሣሪያው ሥራ ሳያቀልል፣ በሌላው አገር የረከሰ ምርት ሆኖ ወደ ገበያው ሊመጣ ይችላልና።

አዲሱ መሣሪያም እንደ ገዳሪፍ ትራክተር የራሱ አራሚዎች አሉት። ኮምፒዩተሩ የሚመገበው ጽሑፍና ሥዕል ከአረም ጋራ የተደባለቀ ስለሆነ፣ ክፉውን ከደጉ የሚለዩ፣ ሥዕሉን «ይህ ሰብል ነው፤ ይህ አረም ነው» እያሉ የሚሰይሙ ሰዎች ያስፈልጉታል። ታይም የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 እንደ ገለጸው፣ በኬንያ ለዚህ ሥራ የተቀጠሩ ሠራተኞች በሰዓት ከ2 ዶላር የማይበልጥ እየተከፈላቸው እጅግ አሠቃቂ ጽሑፍ ሲያነቡ ይውሉ ነበር። ስሙና ቦታው ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ መሣሪያው ስሙ ይጠራል፤ አራሚው አይጠራም።

እንግዲህ ስለ ሕጉ መናገር ይገባል። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 በየዓመቱ በተወሰነ ወራት የሚደጋገም ወቅታዊ ሥራ በውል ሊሠራ እንደሚችል ያውቃል። ወደ ውጭ አገር ለሥራ ስለሚሄዱ ሰዎች የወጣው አዋጅ ቍጥር 923/2008 ደግሞ ሠራተኛ የሚላከው ከተቀባዩ አገር ጋራ ስምምነት ሲኖር መሆኑን ደንግጎ ነበር። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን በመተማ ድልድይ ማጭዱን በትከሻው አድርጎ በእግሩ የሚሻገረው ሰው፣ በደላላ ተጠርቶ፣ በካቦ ተቈጥሮ፣ በቃል ተስማምቶ የሚሄድ ስለሆነ፣ ፊተኛውም አይደርስለትም፤ ኋለኛውም አያየውም። የኢጋድ አባል አገሮች ሚኒስትሮች በፌብሩዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. በካርቱም ተሰብስበው የሰዎችን ነጻ ዝውውር የሚመለከት ፕሮቶኮል ተቀብለው ነበር፤ ይህ ለድንበር ሠራተኛ ትልቅ ተስፋ ነበር፤ ዳሩ ግን ፕሮቶኮሉ የተወሰነባት ከተማ ራሷ ከሦስት ዓመት በኋላ የጦር ሜዳ ሆነች።

በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥራ ፈላጊን በኮምፒዩተር የሚመዘግብ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዐት አደራጅቷል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በሰኔ 2016 ዓ.ም. ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚናገር ፖሊሲ አጽድቋል። እነዚህ ሁሉ ወደ ፊት የሚያራምዱ ናቸው። ሆኖም አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያውቀው የተጻፈውን ብቻ ነው። ስሙ በመዝገብ የሌለ፣ ደመወዙ በደረሰኝ ያልተጻፈ፣ በሽታው በሐኪም ቤት ያልተመዘገበ ሠራተኛ ለመሣሪያው አልተፈጠረም። መንግሥት ሥራ አጥን ለመርዳትና ሥልጠና ለማደል መሣሪያውን በጠየቀው ጊዜ፣ መሣሪያው የከተማውን ልጅ ያሳየዋል እንጂ በሸኸዲ ወይም በአብደራፊ መንገድ ላይ የሚያድረውን አራሚ አያሳየውም። ስለዚህ የሥራ ፖሊሲ መጀመሪያው መቍጠር ነው፤ እርሱም ስልክ ላለው ብቻ ሳይሆን፣ ወቅቱ ሲደርስ ሠራተኛው በሚያልፍባቸው ከተሞች መዝጋቢ አስቀምጦ፣ በሚሰማው ቋንቋ እየጠየቁ መቍጠር ነው። ሁለተኛው፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሕክምናውም ነገር በውሉ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው። ሦስተኛው፣ መሣሪያ የሚያስገባ ባለ እርሻ ነገሩን አስቀድሞ እንዲያስታውቅና ከቀድሞ አራሚዎቹ መካከል ነጂውን፣ ጠጋኙንና መድኃኒት ረጪውን መርጦ እንዲያሠለጥን ማበረታታት ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነውና፣ ይህ ሁሉ የሚደረገው ካሜራው ከመምጣቱ በፊት እንጂ ከመጣ በኋላ አይደለም።

የመምህሩ ድርሻስ የትኛው ነው? በዚህ ላይ የሱዳን ማሽላ ራሱ ምሳሌ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1983 ለሱዳን ገበሬ የተለቀቀውን ሃጂን ዱራ አንድ የተባለውን ድቅል ማሽላ ያስገኘው ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ነው። ኋላም አቀንጭራ የተባለውን የማሽላ ጠላት የሚቋቋሙ ዐይነቶችን አስገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ። በኦሮሚያ ገጠር ከድኻ ቤት ተወልዶ፣ ረጅም መንገድ በእግሩ እየተጓዘ ተምሮ፣ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች አልፎ ሱዳን የደረሰ ሰው ነው። ወደ ሱዳን ከተሻገሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ማጭድ ይዘው ሄዱ፤ እርሱ ዕውቀት ይዞ ሄደ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የተፈጥሮ አይደለም፤ የትምህርት ቤት ነው።

ይህ ማለት ግን ልጅ ሁሉ ተመራማሪ ይሆናል ማለት አይደለም። የአብዛኛው ልጅ ፍላጎት ከዚያ የቀረበ ነው። አንድ ፈዳን 4,200 ካሬ ሜትር፣ ማለት 60 ሜትር በ70 ሜትር የሚያህል መሬት መሆኑን የማያውቅ አራሚ፣ በፈዳን ሲዋዋል የሚታለልበትን አያውቅም። ውል ማንበብ የማይችል ሰው የፈረመውን አያውቅም። በድንበር ከተሞች ያደገ ልጅ ከአማርኛው ጋራ ዐረብኛን ቢማር በካቦና በደላላ አፍ ብቻ አይነጋገርም። ሒሳብ፣ ንባብና ቋንቋ እንዲህ ባለ ቦታ የፈተና ትምህርት ብቻ አይደሉም፤ የሠራተኛ መብት መጀመሪያ ናቸው።

ከነዚህ ጋራ የዘመኑ አዲስ ትምህርት ይጨመራል። የአማርኛ ቋንቋ ማረም ለሚለው ቃል ሁለት ሥራ ሰጥቶታል፤ ገበሬ እህሉን ያርማል፤ መምህርም የተማሪውን ጽሑፍ ያርማል። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ነገር ነው፤ የሚመስለውን ከሆነው ይለያሉ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በጥያቄ ላይ ፈጥኖ፣ አሳምሮና ደፍሮ ይመልሳል፤ መልሱ ግን አንዳንድ ጊዜ እንደ አረሙ ቡቃያ እህል ይመስላል እንጂ እህል አይደለም። በአማርኛ የተጻፈው የተመገበው ጥቂት ስለሆነ በአማርኛ ሲጠየቅ ስሕተቱ ይበዛል። መሣሪያውን የሚያዝ ተማሪ ብዙ ይገኛል፤ የመሣሪያውን መልስ ማረም የሚችል ተማሪ ግን በትምህርት ብቻ ይገኛል። የመሣሪያውን መልስ የሚያርም ሰው የመሣሪያው ጌታ ነው፤ ማረም የማይችለው ግን በወንበር ቢቀመጥም የመሣሪያው ቀን ሠራተኛ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ፣ ክቡራን መምህራን፤ ከገዳሪፍ ሜዳ የሚገኘው ትምህርት ፍርሀትም አይደለም፣ ከንቱ ተስፋም አይደለም። መሣሪያ በ1944 መጣ፤ ሥራ አበዛ፤ ነገር ግን ሠራተኛውን ሳያስከብር፣ ሳያስመዘግብ፣ ሳያስተምር ሰማንያ ዓመት አለፈ። ጊዜ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው በጊዜው የተጠቀመ ሰው ነው። አዲሱ መሣሪያ ያን ያህል ረጅም ጊዜ ላይሰጥ ይችላል። የዛሬው ተማሪ ወደ እርሻም ቢሄድ፣ ወደ ጽሕፈት ቤትም ቢገባ፣ ድንበርም ቢሻገር፣ ስሙ የተጻፈ፣ ውሉን ያነበበ፣ መሣሪያውንም ማረም የሚችል ሆኖ እንዲገኝ ማድረግ የመንግሥትና የመምህር የጋራ ዕዳ ነው። የመንግሥቱ ድርሻ በአዋጅ ይጻፋል፤ የመምህሩ ድርሻ ግን ነገ ጧት ደወል ሲደወል ይጀመራል።